ለምን ወደ ቀኝ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። በተለይ በ2006 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳችሁ ልጆች ብታነቡት ደስ ይለኛል። የእናንተ ዕዳ አለብኝ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ እራት በልተን እንደተቀመጥን ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ሄሎ ቲቸር! አወቁኝ?"

ድምጿን አላወቅኩትም። ስሟን ስትነግረኝ ግን ፊቷ ወዲያው መጣልኝ። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ናት። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ካነበበችው ራሷን ታውቃለች። አሁን እሷም አስተማሪ ሆናለች። ከእኛ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ 7ኛና 8ኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቀን ስንጨርስ ድምጿ ዝቅ አለ።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የደወልኩት። እንዳይስቁብኝ።"

"ኧረ አልስቅም፣ ጠይቂኝ።"

"ዛሬ ዋይ = ኤክስ − 3 የሚለውን ግራፍ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። 'ቲቸር፣ 3 ቀንሰን ለምንድነው መስመሩ አግድሙን በፖዘቲቭ 3 የሚያቋርጠው? በኔጋቲቭ 3 መሆን አልነበረበትም?' አለኝ። እኔም 'ሕጉ ነው፣ ጻፈው' አልኩት። ልጁ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የከነከነኝ። ያንን ቃል ከማን እንደሰማሁት ያስታውሳሉ?"

አስታወስኩ። ከእኔ ነው የሰማችው።

እስቲ ወደ 2006 ልመልሳችሁ። ያኔ 26 ዓመቴ ነበር። ከሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ጥቂት ዓመት ሁለተኛ ሳይክል ካስተማርኩ በኋላ፣ የሒሳብ አስተማሪ ስለጠፋ ሌሞ ወረዳ ውስጥ አንድ ሃይስኩል 9ኛ ክፍል እንዳስተምር ተመደብኩ። ሌሞን ለማታውቁት፣ የሆሳዕናን ከተማ ዙሪያዋን የያዘ ወረዳ ነው። ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ በየጓሮው እንሰት፣ ከዚያ አለፍ ሲል ስንዴና ባቄላ ታያላችሁ። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግራቸው ተጉዘው ነበር የሚመጡት። ቤታቸው ሀዲይሳ ይናገራሉ፣ ከተማ ሲወጡ አማርኛ ይናገራሉ፣ የሒሳብ መጽሐፋቸው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "ለምን?" ከማለቱ በፊት በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠይቅ መምረጥ አለበት። ስለዚህ የሚጠይቅ ልጅ ስታገኙ ብርቅ ነው።

ክፍሉ ውስጥ 78 ተማሪ ነበር። አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ ነጥቦችን ማንቀሳቀስ አስተምሬ ነበር፤ መጽሐፉ ትራንስሌሽን የሚለውን ማለቴ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ሣልኩ፣ የሦስቱም ጫፎች ኤክስ ላይ 3 ደመርኩ፣ ሦስት ማዕዘኑ እንዳለ 3 እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደ። "3 ስትደምሩ ወደ ቀኝ፣ 3 ስትቀንሱ ወደ ግራ" አልኩ። ሁሉም ገባው።

ሳምንቱ ሳይሞላ ወደ ግራፍ ገባን። የዋይ = ኤክስ² ግራፍ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ መሐል ላይ ይቀመጣል። ቀጥዬ ዋይ = (ኤክስ − 3)² ጻፍኩና ሳህኑን 3 እርምጃ ወደ ቀኝ ወስጄ ሣልኩት። "ቅንፍ ውስጥ ሲቀነስ ወደ ቀኝ፣ ቅንፍ ውስጥ ሲደመር ወደ ግራ። ቅንፍ ውስጥ ተቃራኒ ነው በሉ" ብዬ በሳጥን ከበብኩት። ሳጥን ውስጥ የገባ ነገር ፈተና ላይ ይመጣል ማለት እንደሆነ ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

ያኔ ነው እጇን ያወጣችው።

"ቲቸር፣ ባለፈው ሳምንት 3 ስንደምር ወደ ቀኝ ነው ብለውን ነበር። ዛሬ 3 ስንቀንስ ወደ ቀኝ ነው ይላሉ። የቱ ነው ትክክሉ?"

እውነቱን ልንገራችሁ? ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ። "ያኛው ነጥብ ነው፣ ይሄኛው ግራፍ ነው። ሕጉ ነው፣ ጻፊው" አልኳት። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ከዚያ ቀን በኋላ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም። ውጤቷ ደህና ስለነበር እኔም ነገሬ አላልኩትም።

እንደዚያ የመለስኩላት ስላናደደችኝ አልነበረም፣ ጊዜ ስላጠረኝም አልነበረም። መልሱን አላውቀውም ነበር።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እኔም ስማር "ቅንፍ ውስጥ ተቃራኒ" ተብዬ ነው የተማርኩት። ሸመደድኩት፣ ፈተና ላይ ሠራልኝ፣ ተመረቅኩበት። ትክክለኛ መልስ የሚያወጣን ሕግ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔ ያልጠየቅኩትን የ15 ዓመት ልጅ ጠየቀችኝ፤ እኔም በሳቅ አስመታኋት።

ሦስት ዓመት አለፈ። በ2009 ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ለሒሳብና ለሳይንስ አስተማሪዎች የአንድ ቀን ሥልጠና አለ ተባልኩ። በስልኬ የመጣው መልእክት "በ8፡30 ይጀመራል" ይላል። እኔ ከሰዓት በኋላ መስሎኝ ጠዋቱን ፈተና ሳርም ዋልኩ። ምሳዬን በላሁ፣ ሸሚዜን ተኩሼ ለበስኩ፣ ባጃጅ ያዝኩ። 8፡20 ላይ አዳራሹ በር ላይ ነኝ። 10 ደቂቃ ቀድሜያለሁ ብዬ ኮራሁ። ስገባ ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ተመልሶ የከሰዓቱን ክፍል ጀምሯል። ለካ መልእክቱ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው! ሥልጠናው የተጀመረው በእኛ 2፡30 ነበር። የፊርማ ወረቀት የያዘው ልጅ "ጋሼ፣ የጠዋቱ እኮ አልፏል" አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር። "8፡30 ሲቀነስ 6፣ 2፡30። ይቺን መቀነስ አቅቶህ ነው የሒሳብ አስተማሪ የምትባለው" እያልኩ ራሴን ስሰድብ አንድ ነገር መጣብኝ። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ለማምጣት 6 እንቀንሳለን። ግን እኛ በ2 የምናደርገው ነገር በፈረንጅ ሰዓት ላይ የሚገኘው በ8 ነው። ወደ ቀኝ ተገፍቶ። 6 ቀንሰን፣ ወደ ቀኝ።

ቤት እንደገባሁ ደብተር አወጣሁ። አግድሙን መስመር ሰዓት አደረግኩት፣ ቁሙን መስመር በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ያለ የተማሪ ብዛት። በእኛ ሰዓት 1፡30 ላይ ጥቂት ልጆች አሉ፣ 2፡00 ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ግቢው ሙሉ ነው፣ 6፡30 ላይ ተለቀው ባዶ ይሆናል። አንድ ጉብታ የመሰለ ግራፍ ወጣልኝ። ከሥሩ ሌላ አግድም መስመር አስምሬ ያንኑ ግቢ በፈረንጅ ሰዓት ሣልኩት። ጅማሬው 7፡30፣ ሙሉው 8፡00፣ ባዶው 12፡30። ጉብታው ያው ራሱ ነው። ቅርጹ አልተለወጠም፣ ከፍታው አልተለወጠም። 6 እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ በቃ።

አሁን ሕጉን ተመልከቱት። የተማሪውን ብዛት የሚነግረን ሕግ የተጻፈው በእኛ ሰዓት ነው እንበል። አንድ የፈረንጅ ሰዓት ያሰረ እንግዳ መጥቶ "በ8 ሰዓት ግቢው ውስጥ ስንት ተማሪ አለ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ መጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት? 6 መቀነስ። 8 ሲቀነስ 6፣ 2። ከዚያ ወደ ሕጉ ይሄዳል፤ ሕጉም "በ2 ሰዓት ግቢው ሙሉ ነው" ይለዋል። ስለዚህ የአዲሱ ግራፍ ሕግ ውስጥ "ሲቀነስ 6" የሚል ነገር የግድ ይገባል። ያ መቀነስ ሥዕሉን ወደ ግራ የሚጎትት አይደለም። አዲሱን ቁጥር ወስዶ በድሮው ቁጥር የሚተረጉም ነው።

የልጅቷ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። የቱ ነው ትክክሉ ብላኝ ነበር። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚናገሩትም ስለ አንድ ጉዞ ነው። ነጥቡን ይዛችሁ ስትሄዱ ትደምራላችሁ፣ 2 የነበረው 8 ይሆናል። የደረሰውን ነጥብ ይዛችሁ የድሮውን ሕግ ስትጠይቁ ትቀንሳላችሁ፣ 8 ወደ 2 ይመለሳል። (ኤክስ − 3)² ላይም እንደዚያው ነው። የሳህኑ ሥር መጀመሪያ ዜሮ ላይ ነበር። አሁን ቅንፉ ዜሮ የሚሆነው መቼ ነው? ኤክስ 3 ሲሆን። ስለዚህ ሥሩ 3 ላይ ነው፣ በስተቀኝ። "ተቃራኒ" የሚባል ነገር መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ደብተሩን ይዤ ባዶ ግድግዳ እያየሁ ቆየሁ። ደስታ ነበር፣ እሱን አልክድም። ከደስታው ሥር ግን ሦስተኛው ዴስክ ላይ አንገቷን ደፍታ የምትጽፍ ልጅ ነበረች። ያኔ እሷ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ ሄዳለች።

በሚቀጥለው ዓመት ምዕራፉ ሲደርስ ቀመር ሳልጽፍ በሰዓቱ ጀመርኩ። ሞባይሉ በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ልጅ አስነሥቼ ስልኩን እንዲያነብ፣ ጓደኛው በእኛ ሰዓት እንዲናገር አደረግኩ። ሁለቱ እየተቀባበሉ ሲናገሩ ክፍሉ ሳቀ። የዚያ ቀን ሳቅ ግን ማንንም አንገት አላስደፋም። የሁለት ሰዓት አቆጣጠር ልጆች ነን፤ ይህን ነገር ከሌላው ዓለም ቀድመን ማወቅ ነበረብን!

ነጥቦቹን ደግሞ ወደ ግቢ አወጣኋቸው። ተማሪዎቹ ከቤት በፌስታል አመድ አመጡ፣ በአመዱ ሁለት መስመር አሰመርን፣ አንዱ አግድም አንዱ ቁም። ገመድ በየእርምጃው ቋጥረን እንደ ማስመሪያ ተጠቀምንበት። ልጆቹ ራሳቸው ነጥብ ሆኑ። አንዱን ልጅ ወደ ቀኝ 3፣ ወደ ላይ 1 አቆምኩትና "ቁሙ መስመር መስታወት ነው፣ መልክህ የት ነው የሚታየው?" አልኩት። 3 እርምጃ ሄደና መስመሩ ላይ ቆመ። ጓደኞቹ "ትክክል!" አሉ። ደብተር ላይ ይህን ስህተት ስንት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ ለምን እንደሚሳሳቱ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ልጁ መስታወቱ ድረስ ሄደ እንጂ መስታወቱን አልተሻገረም።

አጥሩ ሥር እንሰት ነበረ። አንድ ትንሽ ቅጠል ቆርጬ በመሐል አጥንቱ አጠፍኩት። አንዱ ጠርዝ ሌላው ጠርዝ ላይ ተኛ። "ከአጥንቱ እስከዚህኛው ጠርዝና ከአጥንቱ እስከዚያኛው ጠርዝ እኩል ነው አይደል? አጥንቱ መስታወቱ ነው" አልኩት። ልጁ ሳልነግረው መስመሩን ተሻግሮ 3 እርምጃ ተራመደና ኔጋቲቭ 3 ላይ ቆመ። ቁመቱ 1፣ እንደነበረ። ሪፍሌክሽን የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ማዞር ከሁሉም ይከብዳል። ገመዱን መሐል ላይ ባለች ችካል አስረን ልጁ ጫፉን ወጥሮ ይዞ ሩብ ዙር እንዲዞር አደረግን፣ ከሰዓት ቆጣሪ ዙር በተቃራኒ። ከ3 እና 1 ተነሥቶ ኔጋቲቭ 1 እና 3 ላይ ደረሰ። ገመዱ አልረዘመም፣ አላጠረም። "ምን ተለወጠ? ምንስ ሳይለወጥ ቀረ?" የምትለውን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሬ በየትምህርቱ እጠይቃለሁ።

አንዴ ከጀመሩ በኋላ ምሳሌ የሚያመጡት ልጆቹ ናቸው። ሰንደቅ ዓላማችን ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ በስንት ዲግሪ ቢዞር ራሱን ይመስላል? 360 ሲካፈል ለ5፣ 72። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ ያለው መስቀል ደግሞ ሩብ ዙር ብታዞሩት ያው ነው፤ ፎቶውን ይዞ የመጣ ተማሪ ወረቀቱን እያዞረ አሳየን። የነጠላ ጥለት አንዲት ቅርጽ እየተገፋች ስትደጋገም የምትሠራው ነው። አንዲት ልጅ ፊደላችንን አመጣች። "ቲቸር፣ ሀን ወደ ታች ብንገለብጠው እኮ ሰ ነው!" አለች። እውነቷን ነው፤ በእጃችሁ ጽፋችሁ ሞክሩት።

አንድ ቀን ደግሞ እነሱ አስተማሩኝ። አንዱ ልጅ "እንሰት ከመደብ ወደ መደብ ሲዛወር ትራንስሌሽን ነው" አለ። ጎበዝ ልለው አፌን ስከፍት ከፊት ወንበር ያለችው ልጅ "አይደለም" አለች። "ሲዛወር በመካከሉ ያለው ክፍተት እየሰፋ ነው የሚተከለው፣ እንሰቱም እያደገ ነው። ርቀቱ ካልተጠበቀ ትራንስሌሽን አይባልም።" እኔ ከተማ ነው ያደግኩት፣ እሷ ከእናቷ ጋር ስትተክል ነው ያደገችው። ክፍተቱ በእኩል መጠን ከሰፋ ቅርጹ ተመሳሳይ ሆኖ መጠኑ ይተልቃል፤ ሌላ ዓይነት ትራንስፎርሜሽን ነው ማለት ነው። ያን ቀን ያቀድኩትን ትቼ ስለዚህ ስናወራ ደወለ።

በኋላ ሳነብ ነው ያወቅኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ፊሊክስ ክላይን የሚባል የ23 ዓመት ጀርመናዊ የሒሳብ ሰው፣ ኤርላንገን በምትባል ከተማ ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾም ያቀረበው ሐሳብ ነበር። በአጭሩ ጂኦሜትሪ ማለት ነገሮች ሲገፉ፣ ሲገለበጡ፣ ሲዞሩ፣ ሲተልቁ የማይለወጥባቸውን ነገር ማጥናት ነው የሚል። ልጅቷ የክላይንን ስም ሰምታ አታውቅም። የጠየቀችው ግን የእሱን ጥያቄ ነው፦ ርቀቱ ተጠብቋል ወይ?

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ገመድና አመድ ጊዜ ይበላል። ያን ዓመት የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳልጨርስ ዓመቱ አለቀብኝ። ከ70 በላይ ተማሪ ግቢ ስታወጡ ግማሹ ይማራል፣ ግማሹ ኳስ ይፈልጋል። የገባቸው መስሎኝ ፈተና ላይ ግራና ቀኙን ያምታቱ ብዙ ነበሩ። የሥራ ባልደረባዬ "አንተ ቲያትር ትሠራለህ፣ እኔ ምዕራፍ እጨርሳለሁ" ብሎ ይቀልድብኝ ነበር። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷልም አልልም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሕጉን ብቻ የያዘ ተማሪ ሕጉ ትንሽ ሲጣመም ይወድቃል። ዋይ = (2ኤክስ − 6)² የሚለውን ውሰዱ። የሳህኑ ሥር የት ነው? "ቅንፍ ውስጥ ተቃራኒ" ብሎ የሸመደደ ሰው 6 ይላል። ቅንፉ ዜሮ የሚሆነው ግን ኤክስ 3 ሲሆን ነው፤ 2 ጊዜ 3፣ 6፣ ሲቀነስ 6፣ ዜሮ። መልሱ 3 ነው።

ይህን ጥያቄ አሳምሬ አውቀዋለሁ። በ2006 የሁለተኛው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ላይ ራሴ አውጥቼዋለሁ። መልስ ብዬ የያዝኩትም 6 ነበር።

አዎ። አስተማሪው ራሱ ተሳስቶ ነው ያረመው። ስሕተቴን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ወረቀቶቹ ያኔ የት ይገኛሉ? ስንት ልጅ ላይ ቀይ ኤክስ እንዳሰመርኩ አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ ታስታውሳላችሁ? ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ያኔ ሁሉም ሰው ሌላውን ወቀሰ፤ ኩረጃን፣ ቤተሰብን፣ ስልክን፣ መንግሥትን። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ እኔም አልጨርሰውም። እኔ ግን ያን ሰሞን የማስበው አንዲት ቀይ ኤክስን ነበር።

ወደ ሐሙሱ ስልክ ልመለስ።

"ያንን ቃል ከማን እንደሰማሁት ያስታውሳሉ?" ስትለኝ ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ "አስታውሳለሁ። ያኔ እንደዚያ ያልኩሽ ስለማላውቀው ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። "ኧረ ቲቸር፣ እንደሱ አይበሉ" አለች። እኛ አገር አስተማሪ ይቅርታ ሲጠይቅ የሚያፍረው ተማሪው ነው።

ደብተርና እስክሪብቶ እንድታመጣ ነገርኳት። መጀመሪያ የልጁን ጥያቄ ያዝን። "መስመሩ አግድሙን የሚያቋርጠው ዋይ ዜሮ ሲሆን ነው። ለልጁ እንዲህ በይው፦ 3 ብር ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ከፍሎ ልክ ዜሮ የሚቀርለት ኪሱ ውስጥ ስንት ብር ሲኖር ነው?" "3" አለች። "ሲቀነስ 3 የተባለው ዕዳው ነው፤ ፖዘቲቭ 3 የተባለው ኪሱ ውስጥ ያለው ነው።" ሳቀች። ቀጥለን በሰዓቱ በኩል ወደ እሷ የድሮ ጥያቄ ሄድን። ግቢውን ሣለችው፣ ሁለቱን ጉብታዎች ሣለቻቸው፣ ነጥቡ ሲሄድ 6 ደመረች፣ ሕጉን ስትጠይቅ 6 ቀነሰች።

ረጅም ዝምታ ሆነ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ?" አልኩ።

"አለሁ ቲቸር። እንግዲያው ማጠቃለያ ፈተናው ላይ ያቺ 2ኤክስ ሲቀነስ 6 የምትለዋ ጥያቄ... እኔ 3 ብዬ ነበር።"

ጉሮሮዬ ደረቀ። "እንዴት አገኘሽው?"

"እርስዎ ያሉትን ሕግ ተጠራጥሬ ቁጥር እያስገባሁ ሞከርኩ። 3 ሳስገባ ዜሮ ሆነ። ከዚያ ወረቀቱ ሲመለስ ኤክስ ሆኖ መጣ። እንግዲህ የእኔ መንገድ አይሠራም ማለት ነው ብዬ ተውኩት።"

የእኔ መንገድ አይሠራም ማለት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኩት አልነግራችሁም። ትክክለኛውን መንገድ ብቻዋን አግኝታው ነበር። እጇን ያወጣች ቀን አንድ ጊዜ፣ ወረቀቷን ያረምኩ ቀን ሁለተኛ ጊዜ፣ ያስተዋት እኔ ነኝ። እሷም ሐሙስ ጠዋት ለአንድ ልጅ ያንኑ አቀበለችው።

"አንቺ ነሽ ትክክል የነበርሽው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። 2 ማርክ አለሽ" አልኳት። "ከወለዱ ጋር ይስጡኝ" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ዓርብ ከሰዓት መልሳ ደወለች። ጠዋት ክፍል ገብታ፣ ልጁን በስሙ ጠርታ "ትናንት ጥሩ ጥያቄ ነበር የጠየቅከኝ፣ እኔ ነኝ መልሱን ያላወቅኩት" አለችው። እኔ 11 ዓመት የፈጀብኝን እሷ በአንድ ሌሊት አደረገችው። ከዚያ የዕዳውን ነገር አስረዳችው፣ ቁጥርም እያስገባ ራሱ እንዲሞክር ነገረችው።

"ገባው?" አልኳት።

"ገባው። ግን ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? 'ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩንም?' አለኝ።"

ይሄ ልጅ ሩቅ ይሄዳል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ያኔ እጃችሁን አውጥታችሁ "ሕጉ ነው" ያልኳችሁ ካላችሁ፣ ጥያቄውን አሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ካወቅኩት እመልሳለሁ፣ ካላወቅኩት አላውቅም እላለሁ፣ አብረን እንፈልጋለን። አስተማሪ የሆናችሁ ደግሞ፣ ነገ ክፍል ስትገቡ አንድ ልጅ ለምን ካላችሁ መልሱን ባታውቁት እንኳ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፉለት። "እስከ ሰኞ አስቤበት እመጣለሁ" ማለት ማንንም አላዋረደም።

በ2006 የሁለተኛው ሴሚስተር ማጠቃለያ ላይ ለዚያች ጥያቄ 3 ብላችሁ ቀይ ኤክስ ያገኛችሁ ሁሉ፣ ትክክል ነበራችሁ። 6 ብላችሁ ራይት ያገኛችሁ ደግሞ ተሳስታችኋል፤ ያሳሳትኳችሁ ግን እኔ ነኝ። ወረቀቱ ያለው ሰው ካለ ያምጣልኝ፣ በእጄ አርሜ እፈርምበታለሁ።

መልካም ሰንበት።